ቄጠማ ከነሥሩ

የአይሱዙው የኋላ መዝጊያ ሲወርድ ረዲ መጀመሪያ ያየው አረንጓዴ ነገር ነው፤ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እስከ ሸራው ጫፍ የተጫነ ቄጠማ። ደስ አለው። ከዚያ አንድ እፍኝ መዝዞ ገለበጠው። ከታች በማጭድ እኩል ተቆርጧል። ሌላ መዘዘ፤ ተቆርጧል። ሌላ፤ ተቆርጧል።

«ሥሩስ?» አለ።

«የምን ሥር?» አለ ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ።

«የቄጠማው ሥር ነዋ! ነጋዴውን ሙንተሲርን ከነሥሩ ይነቀል አላልኩትም?»

«ልጆቹ አጽድተው፣ እኩል አድርገው አጨዱልዎት እንጂ ጋሼ። ጭቃ የተሸከመ ቄጠማ ለበዓል ይላካል እንዴ?»

ረዲ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው፤ የፈነዳ ቧንቧ፣ የተደፈነ ቧንቧ፣ በስካር የተገጠመ ቧንቧ አይቷል። እንዲህ ታጥቦና ተስተካክሎ የመጣ ጥፋት ግን አላጋጠመውም። ቀኑ ጳጉሜ ሁለት ነው። አገር በሙሉ ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዝ ቄጠማ በሚፈልግበት ሳምንት እሱ ብቻ ሥሩን ፈለገ፤ እሱ ብቻ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሰላ በታችኛው ጫፍ አርባ ሴቶች ያቋቋሙት የወተት ማኅበር አለ። ላሞቹ የሚታለቡበት ቤትና የወተቱ ዕቃ የታጠበበት ውሃ፣ እበቱንም ሽንቱንም የወተቱንም ዝቃጭ ይዞ በቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለማሳ ማዳበሪያ የሚሆነው ነገር ለወንዝ መርዝ ነው። ውሃው ምግብ ሲበዛበት አረንጓዴ ልባስ ይለብሳል፣ ይሸታል፤ ከብት አፉን ነክሮ መልሶ ያወጣል። የታችኛው መንደር ሰዎች ሁለት ዓመት ታገሡ። በነሐሴ ሽማግሌዎቻቸው መጥተው ቁርጡን ተናገሩ፤ እስከ ጳጉሜ አምስት ፀሐይ መግቢያ ድረስ ውሃውን የሚያጠራው ተክል ገንዳው ውስጥ ከነሥሩ ተተክሎ ካልቆመ ቦዩን በድንጋይ ይደፍኑታል። ቦዩ ከተደፈነ እጥበት የለም። እጥበት ከሌለ ወተቱን የሚቀበል የለም። አርባ ቤት እንጀራው ይቋረጣል።

ተክሉን ቃል የገባው ደግሞ ረዲ ነው። ጠጠር የተሞሉ አራት ገንዳዎች ሠርቷል። ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ በዝግታ ያልፋል፣ በጠጠሩ መሀል የሚበቅለው ቄጠማ ትርፉን ምግብ በሥሩ ይበላል፣ በመጨረሻ ወንዝ የሚገባው የጠራው ነው። ይህን የተማረው አዳማ ላይ በተሰጠ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው። እውነቱን ለመናገር የሁለቱን ቀን ነው የተማረው፤ ሦስተኛው ቀን ወረቀት መስጫ ብቻ ነው ብሎ ጥሎ ወደ ሥራው ሮጠ። አምና ተከለ። ቄጠማው ሰው አክሎ በቀለ፤ ረዲም ኮርቶ፣ ማንም እንዳይነካው በሽቦ አጠረው። በጋ ሲመጣ ግን ቄጠማው ወደቀ፣ እዚያው በሰበሰ፤ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው ከፋ። ለምን እንደሆነ አላወቀም። የበሰበሰውን ሁሉ ዝቆ ጣለ፣ ጠጠሩን አጠበ፣ እንደገና ሊተክል ተነሣ። እነሆ ጉዝጓዝ መጣለት።

«እኔው ራሴ ወጥቼ እነቅላለሁ» አለ።

«እኛው ራሳችን በል» አለች ቦጋለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ላም ስታልብም ሰው ስትገሥጽም እጇ የማይዝል ሴት። «አንተን ብቻህን ብንልክህ ያገኘኸውን ሣር አቅፈህ ነው የምትመጣው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ተራ ሲደርሱ ሦስተኛ ሰው ቀድሟቸው ቆሟል። አባባ ሁሴኖ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ከራሳቸው የሚረዝም በትር የያዙ የታችኛው መንደር ሽማግሌ።

«መንደሩ ልኮኝ ነው» አሉ። «ሥሩን በዓይኔ ሳላይ ምስክር አልሆንም።»

ረዲ ወደ ቦጋለች ዞረ። ቦጋለች ወደ ሰማይ ቀና አለች።

*

ሳጉሬ ላይ ሁለት አህያ ተከራዩ። ቄጠማው የሚበቅልበት ጨፌ ከከተማው በላይ፣ ከተራራው ሥር ነው፤ ፈጥኖ ለሚሄድ የግማሽ ቀን መንገድ። ከአባባ ሁሴኖ ጋር ግን ፈጥኖ መሄድ የለም።

ሽማግሌው የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ የማያውቁትንማ አብልጠው ሰላም ይላሉ። ሰላምታቸውም እንደ ከተማ ሰው በእርምጃ ላይ የሚወረወር አይደለም። ይቆማሉ። በትራቸውን ይተክላሉ። «አከም ጂርታ? ፈያዳ? ኢጆሌን ፈያዳ? ሎን ፈያዳ?» እያሉ በኦሮምኛ ከሰውየው ጤና ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ከብቶቹ፣ ከከብቶቹ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ገብሱ ይሄዳሉ። ገብሱ ሲያልቅ ረዲ «በቃ» ይላል በሆዱ። አልበቃም። ሰውየው በተራው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«አባባ» አለ ረዲ በአራተኛው ሰላምታ ላይ፣ «ሁለት ቀን ተኩል ነው ያለን።»

«አውቃለሁ፤ የገደብነው እኛ አይደለን?» አሉና አምስተኛውን ሰው ሰላም ለማለት ቆሙ።

ከቀትር በፊት ተራራው ጠቆረ። ነፋሱ ከላይ እየተንደረደረ መጥቶ የገብሱን ማሳ አስተኛው፤ ወዲያው ዝናቡ ተለቀቀ። ረዲ ላስቲክ ዘርግቶ ራሱን ሸፈነ። ቦጋለች ግን ጃንጥላዋን አጥፋ ነጠላዋን ገለጠችና ፊቷን ወደ ላይ ሰጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጳጉሜ ሦስት እኮ ነው! ሩፋኤል ነው! የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው፣ ጃንጥላ ይዘረጋበታል?»

ተናግራ ሳትጨርስ ዝናቡ በረዶ ሆነ። እንደ ሽንብራ ጀመረ፣ ወደ ባቄላ አደገ። አህዮቹ ጀርባቸውን አጉብጠው መዞር ያዙ። ሦስቱም እየተንሸራተቱ ሮጠው ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ተወሸቁ።

«ጠበሉ ጠና» አለ ረዲ ጭንቅላቱን እያሻሸ።

«ኃጢአትህ ነዋ የጠነከረው» አለች ቦጋለች። ግንባሯ ላይ እብጠት ወጥቷል፤ እሷ ግን አማተበችና ሳቀች። አባባ ሁሴኖ ከጽዱ ማዶ የተጠለለ አንድ እረኛ አይተው ስለ ላሞቹ እየጠየቁት ነበር።

በረዶው ሲያባራ መንገዱ ሁሉ ጅረት ሆኗል። ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ውሃው ቡና ቀለም ይዞ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከመሻገሪያው አጠገብ አንድ ሰው በሬዎቹን ይዞ ቆሟል። አባባ ሁሴኖ በትራቸውን ተከሉ።

«አከም ጂርታ?»

ረዲ አልጠበቀም። ትዕግሥቱ ከሳጉሬ ሳይወጣ ነው ያለቀው። «እናንተ ላሞቹን ጨርሱ፣ እኔ እሻገራለሁ» አለና የፊተኛዋን አህያ ጎትቶ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ፣ ሁልጊዜ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ገባ።

አራት እርምጃ ጉልበቱ ድረስ ነበር። በአምስተኛው እግሩ ሥር መሬት የለም። ውሃው ወገቡን ይዞ ገለበጠው። አፉ አሸዋ ሞላ። ገመዱን አልለቀቀም፤ አህያዋ ግን ለቀቀችው፤ ጭነቷ ተፈታ፣ ሁለቱ ዶማና መጥረቢያው እየተገላበጡ ሰመጡ። ረዲ አንድ ድንጋይ አቅፎ ሲያስል ከላይ ረጅም በትር ወረደለት።

«ያዝ!» አሉ አባባ ሁሴኖ። በሬዎቹን የያዘው ሰውና ቦጋለች ከኋላ ወገባቸውን ይዘው ጎተቱ። ረዲ እንደ እርጥብ ጆንያ ዳሩ ላይ ወደቀ። አህያዋ ቀድማው ወጥታ ሣር እየጋጠች ነው።

«መሻገሪያው በነሐሴ ጎርፍ ተቦርቡሯል» አሉ ሽማግሌው። «ይህ ሰውዬ ሊነግረን ነበር። ገብሱ ላይ ደርሰን ነበርኮ።»

«መጀመሪያ ያንን አይነግርም?!» ብሎ ጮኸ ረዲ።

ሰውየው በአማርኛ፣ በጣም ረጋ ብሎ መለሰ፦ «ሰላም ሳልልህ?»

ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ላይ ወጥተው፣ ውሃው በሰፋበትና በሳሳበት ቦታ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ብቻ ረጥቦ ተሻገሩ። ከመሣሪያው የተረፈው አንድ አካፋ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለተኛዋ አህያ ላይ ስለነበር።

*

ከአባባ ሁሴኖ ዘመዶች ቤት አድረው በማለዳ ጨፌው ደረሱ። ጉሙ ሲገለጥ ረዲ እልሁን ለአፍታ ረሳ። ተራራው ሥር፣ እንደ ትሪ የተዘረጋ ሜዳ፤ ከዳር እስከ ዳር ቄጠማ፤ በመሀሉ የሚያበራ ውሃ። ከታችኛው ጫፍ የምትወጣው ጅረት ከሥሯ ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ የጠራች ናት።

«አየሽ?» አለ ለቦጋለች። «ከላይ ስንት መንጋ ነው የሚጠጣባት? ስንት እበት ነው የሚገባባት? ሲወጣ ግን ተመልከቺ!»

«አየሁ። በል ቆፍር።»

ጫማውን አውልቆ ገባ። ጭቃው እስከ ጭኑ ዋጠው። ቄጠማ ሲታይ ሣር ነው፤ ሥሩ ግን እርስ በርሱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። በአካፋ ሲወጋው እንደ ጎማ ይመልሳል። በዶማ ቢሆን ኖሮ! ረዲ ወንዙን ረገመ፤ ከዚያ ያልጠበቀውን ሰላምታ አስታወሰና ዝም ብሎ ወጋ። አንዷን ጉንጉን ለመንቀል ሩብ ሰዓት ፈጀ። የሚያስፈልገው ሦስት መቶ ነው። አልቅት ባቱ ላይ ተጣበቀ፤ ቦጋለች በጨው አላቀቀችው። እሷ ነቅሎ የሚወረውረውን ትቀበላለች፣ አናቱን ስንዝር አስቀርታ ትቆርጣለች፣ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልላለች። ሁለት ጆንያ ሲሞላ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

ሦስተኛውን ሲጀምሩ ከበስተኋላቸው ቄጠማው ተሰነጠቀ።

ከርከሮ ነበር። አንገት የለሽ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ የወጣ። ወደ ሰዎቹ አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጆንያው ሄደና በአንድ ንቅነቃ ቀደደው። ከርከሮ የሚወደው ደግሞ ሥር ነው፤ ያውም ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ የቀረበለትን።

«ሂድ! ወግድ!» ረዲ ሊሮጥ ፈለገ፤ እግሩ ከጭቃው አልወጣም። «ቦጋለች፣ አባሪው እንጂ!»

«አንተ አባረው!»

«ተቀርቅሬያለሁ! ደግሞም ለእኔ ሐራም ነው!»

«ለእኔስ ቢሆን ማን ፈቀደልኝ!»

ከርከሮው ቀና አለ፣ ቦጋለችን አየ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ተንደረደረ። ቦጋለች «በስመ አብ!» ብላ ረዲ የወረወረላትን አካፋ ቀልባ አፍንጫው ላይ አሳረፈችው። አካፋው እንደ ደወል ጮኸ፤ ከርከሮው አጉረመረመና ወደ ጎን ታጥፎ፣ በረዲ ላይ ጭቃ ረጭቶ፣ ቄጠማው ውስጥ ሰመጠ። አካፋው ከእጀታው ተገንጥሏል። ከሁለቱ ጆንያ አንደኛው እንክትክቱ ወጥቷል።

ረዲ ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ፊቱን በእጁ ያዘ። ውሃ፣ በረዶ፣ ከርከሮ። ሌላ ምን ቀረ?

«ማን ነው ጨፌዬን የሚነቅለው?» አለ አንድ ድምፅ ከዳሩ።

ሙንተሲር ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቦቲ ጫማ ያጠለቀ፣ ስልኩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የቄጠማ ነጋዴ፤ ከኋላው አሥራ ሁለት አጫጆች ማጭድ ይዘው ቆመዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ የአህዮቹን ገመድ ከወዲሁ ይዘዋል።

«ጋሼ ረዲ!» አለ ሲያውቀው። «አንድ መኪና ሙሉ ላክሁልዎ፤ አልበቃ ብሎዎት ሥሬን ሊነቅሉ መጡ?»

«ከነሥሩ ነው ያልኩህ!»

«ሰምቻለሁ ያሉኝን።»

ረዲ ደነገጠ። «ሰምተህ ነው?»

«ሰምቼ ነው እንጂ! እኔ ለዚህ ጨፌ ከመንደሩ ጋር ተዋውዬ ዓመት ሙሉ እጠብቃለሁ። ሥር የሚጠይቅ ሰው ለበዓል አይደለም የሚጠይቀው። አሰላ ላይ የራሱን ቄጠማ ሊያበቅል ነው። ከርሞ ገበያዬን ሊዘጋ ነው። ሞኝ መሰልኩዎት?»

«እኔ ቄጠማ ነጋዴ ነኝ? ውሃ ላጠራበት ነው!»

«በቄጠማ ውሃ ማጥራት!» ሙንተሲር ወደ አጫጆቹ ዞረ፤ ሳቁ ተከታትሎ ወጣ። «ጆንያውን አራግፉ። አህዮቹን ወደ ሳጉሬ መልሱ።»

ረዲ ከጭቃው ተፈናቅሎ ወጣና ጆንያው ላይ ቆመ። ደሙ ፈልቷል። አንዱ አጫጅ ማጭዱን ከፍ አደረገ፤ ለመምታት ይሁን ለማስፈራራት አልታወቀም። ቦጋለች እጀታ የሌለውን አካፋ አነሣች። በዚህ መሀል አባባ ሁሴኖ እየተራመዱ መጡ፤ በሁለቱ መካከል ገቡ፤ በትራቸውን ተከሉ።

«አከም ጂርታ፣ ሙንተሲር? ፈያዳ? ኢጆሌን ፈያዳ?»

ረዲ ፈነዳ። «አባባ ሁሴኖ! እባክዎ! ስለ ልጅና ስለ ላም የሚጠየቅበት ሰዓት ነው? ነገ ማታ እኮ ነው! የእናንተ ሰዎች ድንጋይ ይዘው...»

«ተቀመጥ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው አልጨመረም። «አምናም እንዲህ ነው ያቋረጥከኝ።»

«አምና የት ተገናኘን?»

«ገንዳህ ዘንድ መጥቼ ነበር። ቄጠማህን አጥረህ ቆመህ ታየው ነበር። ሰላም አልኩህ። ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ ስል ስልክህ ጮኸ፤ ሄድክ። በሳምንቱ ተመልሼ መጣሁ። ላሞቹ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ የፈነዳ ቧንቧ አለ ብለህ ሮጥክ። ከላሞቹ በኋላ የምነግርህ ነገር ነበረኝ።»

«ምን?»

«እጨደው ልልህ ነበር።»

ማጭዱን ያነሣው አጫጅ እጁን አወረደ።

«ይህ የእናቴ አገር ነው» አሉ አባባ ሁሴኖ። «ልጅ ሳለሁ በሽታ ገብቶ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የቀረበት ዓመት ነበር። ጨፌውን ያጨደው የለም። በበጋ ቄጠማው ወደቀ፣ ውሃው ውስጥ በሰበሰ። ያቺ የምታያት ጅረት አረንጓዴ ሆነች፤ ከብት አልቀምስ አላት። በሚቀጥለው ዓመት ታጨደ፤ ጠራች። ቄጠማ የበላውን በአገዳው ነው የሚያጠራቅመው። አጭደህ ካላወጣህለት መልሶ ውሃው ላይ ይተፋዋል።»

ረዲ አጥሩን አስታወሰ። በኩራት የቆለፈውን የሽቦ በር አስታወሰ። ለአንድ ዓመት ሙሉ ሌሊትም ቀንም «ለምን?» ሲል የኖረውን ጥያቄ፣ መልሱን የያዘው ሰው ሁለቴ በሩ ድረስ ይዞለት መጥቶ ነበር።

«ሦስተኛው ቀን» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?» አለች ቦጋለች።

«ሦስተኛው ቀን ወረቀት መስጫ ብቻ አልነበረም።»

ከዚያም፣ ቦጋለች በኋላ እየማለች እንደምትናገረው፣ ረዲ ጭቃውን ሳይጠርግ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ሙንተሲር ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው?» አለው።

ሙንተሲር ግራ ገባው። «ደኅና ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት ናቸው። ትንሿ ሴና... ትናንት ሙቀት ነበራት፤ ዛሬ ተሽሏታል አሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ረዲ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስማኝ። እኔ የምሸጠው ቄጠማ የለኝም። የሚያጭድልኝ ሰው ግን የለኝም። አራት ገንዳ አለኝ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መታጨድ አለበት። አጨዳው ያንተ ይሁን። የታጨደውም ያንተ። እኔ የምፈልገው ውሃው ውስጥ እንዳይበሰብስ ብቻ ነው።»

ሙንተሲር ቦቲውን እያየ አሰበ።

«ቆይ ቆይ» አለች ቦጋለች። «የላም ሽንት የጠጣ ቄጠማ እኔ ሳሎን አይጎዘጎዝም!»

«እትዬ ቦጋለች» አለ ሙንተሲር፣ «እስከ ዛሬ የጎዘጎዙትስ ምን የጠጣ መሰለዎት?» በማጭዱ ጫፍ ወደ ላይኛው ዳር አመለከተ። እዚያ አንዲት ቀይ ላም ውሃው መሀል ቆማ፣ ጭራዋን ከፍ አድርጋ፣ ያለምንም ሐፍረት ሥራዋን እየሠራች ነው።

አጫጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቦጋለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ይሁን ግዴለም፤ የገንዳው ለጣሪያ ክዳን ይሁን! ለሳሎን ግን አልኩ አልኩ ነው!»

«ክዳንም ገበያ አለው» አለ ሙንተሲር። ከዚያ ፊቱ ጠበቅ አለ። «ሥሩን ግን እንዲህ እንደ ከርከሮ አይነቅሉትም። ጠርዝ ጠርዙን ብቻ፣ ከሦስቱ አንዱን ዘልሎ። በክረምቱ መልሶ እንዲገጥም።»

«እንዳልከው።»

አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው ዶማ ከመንደር አመጡ። ሥሩን ከየት ጀምሮ እንደሚፈቱት ያውቃሉ፤ ረዲ ሩብ ሰዓት የታገለውን እነሱ በሁለት ምት ይገነጥሉታል። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሦስት መቶ ጉንጉን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ተደረደረ። አባባ ሁሴኖ አንድ በአንድ እየከፈቱ አዩ። የእያንዳንዱን ሥር ዳሰሱ።

*

በጳጉሜ አምስት ጠዋት አህዮቹን ለመንደሩ ልጆች አደራ ሰጥተው፣ ጆንያዎቹን በሙንተሲር አይሱዙ ላይ፣ ከበዓል ቄጠማው በላይ ጫኑ። የተራራው መንገድ ሌሊቱን ዘንቦበት ሳሙና ሆኗል። ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ። በሦስተኛው የኋላ ጎማው እስከ አክሰሉ ሰመጠ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃው ተረጨ፣ መኪናው ወደ ገደሉ ሸርተት አለ።

ሁሉም ወረደ። ድንጋይ የለም፤ ቅጠል የለም። አንድ ሰዓት ገፉ፤ ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ከአናት አለፈች። ረዲ ጥርሱን ነክሶ፣ ወንዙ ዳር እንዳደረገው መጮህ ፈለገ። አልጮኸም። ሙንተሲርን አየው፤ ሙንተሲር ጭነቱን ያያል። ማንም አልጠየቀውም።

«የእናቴን ቤት ነው ቢሉኝ እንዲህ አልጎዘጉዝም» አለ በመጨረሻ፤ ወደ ላይ ወጥቶ የበዓል ቄጠማውን በእቅፍ በእቅፍ ከጎማው ሥር ወረወረ። ግማሽ ጭነቱ አለቀ። መኪናው ተቅነዘነዘ፣ ያዘ፣ ወጣ። የእንቁጣጣሹ ቄጠማ ጭቃ ውስጥ ተረግጦ ከኋላቸው ቀረ።

«ከገንዳዎቹ የሚታጨደው የአንድ ዓመት ክዳን አይተካውም ይሆናል» አለ ረዲ።

«አይተካውም» አለ ሙንተሲር። «ይተዉኝ፣ አይናገሩኝ።»

ማኅበሩ ግቢ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከተራራው ሁለት ክንድ ያህል ቀርቷታል። የታችኛው መንደር ሰዎች ቦዩ ዳር ተሰብስበው፣ ድንጋዩን ክምር ክምር አድርገው ቆመዋል። ሴቶቹ በሌላው ወገን። አይሱዙው ሲቆም ቦጋለች ከላይ «ምን ትመለከታላችሁ? እጅጌ ወደ ላይ!» አለች።

አርባ ሴቶች ጠጠሩ ውስጥ ገቡ። ረዲ በክንዱ ርቀቱን ለካ፤ ጠጠሩን በእጁ ፈንቅሎ የመጀመሪያዋን አቆመ፣ ሥሯን ሸፈነ፣ ውሃው እስኪነካት ዝቅ አደረጋት። ከዚያ ሁሉም ያዘው። የተራራው ጥላ የመጀመሪያውን ገንዳ ሲሸፍን አራተኛው ውስጥ የመጨረሻዋ ቆመች። ሦስት መቶ፣ ስንዝር የማይሞሉ አረንጓዴ ጉቶዎች፤ ለሚያይ ሰው ምንም አይደሉም።

«ይሄ ነው?» አለ ቢሊሱማ፣ ከመንደሩ ጎበዞች ዋነኛው፣ ድንጋይ እንዳቀፈ። «ውሃው እንደሆን ያው ነው! ያው አረንጓዴ!»

«ዛሬ አይጠራም» አለ ረዲ። ድካሙ ከጉልበቱ እስከ ድምፁ ደርሷል፤ ግን አልተቆጣም። «እስከ ኅዳር ሥር ሲይዝ ነው መጥራት የሚጀምረው። አምና የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው፤ አላጨድኩትም። ዘንድሮ ይታጨዳል። የሚያጭደውም ሰው ያው።»

ሙንተሲር ጭቃ እንደለበሰ እጁን አነሣ።

ቢሊሱማ ወደ አባባ ሁሴኖ ዞረ። ሁሉም ዞረ። ሽማግሌው በዝግታ ወደ ቦዩ ዳር መጡ። በትራቸውን ተከሉ። ረዲ ምን እንደሚመጣ አወቀ፤ ፀሐይዋንም አየ፤ አንድ ጣት ቀርቷታል።

«አከም ጂርቱ?» አሉ ለሕዝባቸው። «ፈያዳ? ኢጆሌን ፈያዳ? ሎን ፈያዳ?»

ሕዝቡ መለሰ። ልጆቹ ደኅና ናቸው። ላሞቹ ደኅና ናቸው፤ አንዷ ወልዳለች። ገብሱን በረዶ መትቶታል። ፀሐይዋ ገባች፤ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። አባባ ሁሴኖ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ከርከሮውን አንድ በአንድ ነገሩ። በመጨረሻ «ሥር አለው» አሉ። «በእጄ ዳስሼዋለሁ። በኅዳር መጥተን እናየዋለን።»

ቢሊሱማ ያቀፈውን ድንጋይ አየ። «ይሄንንስ የት ላድርገው?»

«የአራተኛው ገንዳ ጠርዝ እየተናደ ነው» አለ ረዲ። «እዚያ ደርድርልኝ።»

ሰዎቹ ድንጋዩን መደርደር ሲጀምሩ ረዲ የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከአባባ ሁሴኖ አጠገብ ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የፈነዳ ቧንቧ ይሆናል። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«አባባ» አለ ረዲ። «ያቺ የወለደችው ላም የማን ናት?»

ሽማግሌው ዞረው አዩት። ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«የእኔ ናት» አሉ። «ግን ከእሷ በፊት እናቷን ነው የምነግርህ።»

«ይንገሩኝ» አለ ረዲ፤ እግሩንም ዘረጋ።